ከኮርኒሱ በላይ ያለው እጅ

ተቀናቃኙ በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀቢው መላ አያጣም ነበር። ያኮርፈዋል፣ ያማዋል፣ ቢብስም ኮሌታውን ያንቀዋል። የሞተን ሰው ግን ምን ያደርጉታል? ሙት አያረጅም፣ አይሳሳትም፣ ሲያንኮራፋ አይሰማም። «የሞተች ላም ወተቷ በየዓመቱ ይጨምራል» እያለ ለራሱ ይቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ግን አንጀቱን አላራሰውም።

ሟቹ የሚስቱ የመጀመሪያ ባል ነው። የመብራት ባለሙያ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ «ማስተር» ይለው ነበር። እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ሚስቱ ቤቷን ልታስቀባ አንድ ቀለም ቀቢ ጠራች። ቀቢው ሳሎኑን ሲጨርስ መኝታ ቤቱ ቀረ፣ መኝታ ቤቱን ሲጨርስ ኮሪደሩ ቀረ፤ ሥራው አላልቅ ያለው በቀለሙ ምክንያት እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ተጋቡ። ሰውየው አንድ ሻንጣና ሁለት ብሩሽ ይዞ ሲገባ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጠበቁት፤ አንዷ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት የሚስቱ ልጅ፣ ሌላዋ ደግሞ ሰው ሁሉ «እማማ» የሚላቸው የሟቹ እናት።

እማማ ክፉ ሴት አልነበሩም። ቀቢውን አልጠሉትም፤ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ይሉታል፣ ሲያመሽ በር ከፍተው ይጠብቁታል። «ልጄ» ብለው ግን ጠርተውት አያውቁም። «ልጄ» ሲሉ ሟቹን ነው። አምፖል በበራ ቁጥር «ነፍሱን ይማረውና ይቺን ያስገባት ልጄ ነው» ይላሉ። ስልካቸውን ሶኬት ላይ በሰኩ ቁጥር «እጁ ወርቅ ነበር» ይላሉ። አንድ ቤት ውስጥ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ መብራት ይበራል! ግድግዳውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች የቀባው እሱ ቀቢው ሆኖ ሳለ፣ ግድግዳ አይቶ «እጁ ወርቅ ነው» ያለ ሰው የለም። እንዲህ ለመባል መጀመሪያ መሞት ሳይኖርበት አይቀርም።

ልጅቷም ብትሆን «ጋሼ» ነው የምትለው። «አባዬ» የምትለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ፈገግታ፣ ኪሱ ላይ የተሰካ ካቻቪቴ። ቀቢው ያንን ፎቶ አውርዶ፣ ግድግዳውን ቀብቶ፣ በገዛ እጁ መልሶ ሰቅሎታል። ሲሰቅለው ትንሽ አጣመመው። በማግስቱ ሚስቱ አስተካከለችው።

ቅናት ሰውን ያሳብዳል ይባላል፤ እሱን ግን ተማሪ አደረገው። ጢሙ ሽበት ባበቀለ ሰዓት፣ ቀን ሲቀባ እየዋለ፣ ማታ ማታ የኤሌክትሪክ ሥራ መማር ጀመረ። ከልጅ ጎረምሶች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣቦ ተቀመጠ። እራት ላይ ማንኪያና ሹካ ደርድሮ «ይሄ ኮረንቲ የሚያመጣው ፌዝ ነው እንበል፣ ይሄ ደግሞ የሚመልሰው ኒውትራል፣ ሲነካኩ ጉድ ፈላ!» እያለ ለሚስቱ ያስረዳታል። እሷም አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታዳምጠዋለች። የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል ፍሬም አሠርቶ ሳሎኑ በር አናት ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሶኬትና አንድ የበር ደወል ሠራ።

ጉዱ የፈላው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጅቷ ገላዋን ልትታጠብ ቦይለሩን አብርታ፣ እናቷ በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ድስት ጥዳ ሳለ፣ ማዕድ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሶኬቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ጭስ ይተፋል። ቀቢው ሮጦ ዋናውን ማጥፊያ ዘጋ።

እማማ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። «የልጄን የሥራ ሸሪክ ጥሩት» አሉ። «የልጄን አሠራር የሚያውቀው እሱ ነው።»

«ማንም አይጠራም፣ እማማ» አለ ቀቢው። «ቤቴን እኔው እሠራዋለሁ።»

«ቤቴን» የምትለዋ ቃል ወለል ላይ እንደወደቀ የድስት ክዳን ጥቂት ስታቃጭል ቆየች።

«ሶኬቱን ብቻ ብትቀይረውስ?» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

«ሶኬቱን ብቻ? ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ የዚህ ቤት ዝርጋታ በሙሉ ጊዜው አልፎበታል። ሁሉም ይነቀላል። አንድ የድሮ ሽቦ አይቀርም!»

ሚስቱ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች፤ ቀጥላ እሱን አየች። «እሺ» ብላ ድስቷን ከምድጃው አነሳች።

አፉን ሞልቶ የተናገረው ሰውዬ ሥራው ውስጥ ሲገባ ግን ውሃ ሆነ። ትምህርት ቤት የሠሩት በጣውላ ላይ ነበር፤ ሁለት አምፖል፣ አንድ ማጥፊያ፣ ሽቦው ሁሉ ዓይን ሥር። እዚህ ቤት ውስጥ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይገባና የት እንደሚወጣ ፈጣሪ ይወቅ። የማዕድ ቤቱን መስመር ይዘጋል ያለውን ብሬከር ሲያወርድ የሳሎኑ ሶኬት ይሞታል፤ የማዕድ ቤቱ አምፖል ግን እንደበራ ይቀራል። ኮሪደሩ ላይ ሦስት ማጥፊያ አለ፤ በየትኛውም በኩል ቢመጡ አንዷን አምፖል ማብራትም ማጥፋትም ይቻላል፤ ያቺ አምፖል ግን ከእማማ ክፍል መስመር ላይ ተጠልፋለች። የሽቦው ቀለም ደግሞ ሁሉም ቀይ ነው። ቀዩ የትኛው ፌዝ፣ ቀዩ የትኛው ኒውትራል? ቁም ሳጥኑን ገፍቶ ከኋላው ስካቶላ አገኘ፤ ሽቦዎች የሚገናኙባት ያቺ ትንሽ ሳጥን ስትከፈት እንደ እባብ ጎጆ ነበረች። አንዱን ሽቦ ሞቷል ብሎ ሲነካው ኮረንቲ ነዘረውና በመቀመጫው ወለሉ ላይ ጣለው።

«ተረፍክ?» አለች ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ።

«መሬቱን እየለካሁ ነው» አላት።

ሳቀች። ቀጥላ ግን «አባዬ መጀመሪያ በቴስተር ነበር የሚነካው ይላሉ እማማ» አለችው። ሳቋ ካስደሰተው ይልቅ ይህቺ አባባል አሳረረችው።

በማግስቱ ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ኮርኒስ ውስጥ ገባ። የኮርኒሱ በር ከኮሪደሩ በላይ ያለች ጠባብ ካሬ ናት፤ ቀቢው ቀጭን ስለሆነ ትከሻውን ሰብቆ አለፈባት። ግንባሩ ላይ ያሰረውን ባትሪ አበራና አየ።

አቧራ ነበር፣ የአይጥ ኩስ ነበር፤ ሽቦው ግን ያምር ነበር። ከታች ያለው ዝርጋታ ዝብርቅርቅ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ያለው እንጨት እንጨቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሦስት ሦስቱ እንደ ፀጉር ተጎንጉነዋል። በየመሃሉ በጨርቅ ቅዳጅ ታስረዋል፤ ቋጠሮው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጫፉ እኩል የተቆረጠ። ማንም በማያይበት፣ ጨለማ ውስጥ፣ ለማን ብሎ? ቀቢው በሃያ ዓመት ሥራው አልጋ ሥር ያለ ግድግዳ ሁለተኛ ዙር ቀብቶ አያውቅም። በእንብርክኩ እንዳለ አንዱን ጉንጉን በጣቱ ዳሰሰው። እጁ ወርቅ ነበር። እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያ ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ፒንሳውን አውጥቶ መቁረጥ ነበር፤ ቆረጠም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቋጠሮ በጠሰ። አይጥ ልጣጩን የበላውንም ያልበላውንም እያየ አልለየም።

እንዲህ እየበጠሰ ሲሄድ ነው ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ያለውን ስካቶላ የደረሰበት። ከፈተው። ከዋናው ሳጥን የመጣው የመሬት ሽቦ አለ። ወደ ቦይለሩ የሚወርደውም የመሬት ሽቦ አለ። ሁለቱ ግን አልተገናኙም። የወራጁ ጫፍ በማጣበቂያ ናስትሮ ተጠቅልሎ ባዶ ቦታ ላይ ቀርቷል። ያ ማለት፣ ቦይለሩ ውስጡ ተበላሽቶ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ቢወጣ መሄጃ የለውም፤ ገላውን የሚታጠብ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

መደንገጥ ነበረበት። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት እዚያ ውስጥ ስትዘፍን ይሰማታል እኮ። እሱ ግን በመጀመሪያ ልቡ ቅቤ ጠጣ። «ማስተር!» አለ ጮክ ብሎ፣ አቧራው ውስጥ፣ ብቻውን። «ማስተርዬ! ያዝኩህ!»

ከመሰላሉ ወርዶ ቤተሰቡን ኮሪደር ላይ ሰበሰበ። እማማ ወንበር መጣላቸው። ፊቱ ጥላሸት፣ ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር፣ ዓይኑ ግን እንደ ሙሽራ ያበራል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ጀመረ፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «ግን ይሄ ማስተር ማስተር የምትሉት ሰው የቦይለሩን የመሬት ሽቦ ሳያገናኝ ትቶት ሄዷል። እዚህ ቤት ውስጥ ሰው አለመሞቱ ተአምር ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የማይሠራው ስህተት ነው! ይሄ ነው ወርቅ እጅ?»

እማማ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ቀቢው ግን ወደኋላ አላለም። «ብታምኑም ባታምኑም…»

«የኔ ሥራ ነው» አለች ሚስቱ።

«ምኑ?»

«ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሁሉ። እኔ ነኝ የዘረጋሁት።»

ቀቢው ሚስቱን አየ፤ ፎቶውን አየ፤ ያቺን ጠባብ ካሬ ቀና ብሎ አየ። ያንን ትከሻ በዚያች በር ማሳለፍ ቁም ሳጥን በመስኮት እንደማሳለፍ ነው። እንዴት እስከዛሬ አልታየውም?

«እሱ በዚያች በር አያልፍም ነበር» አለች። «ከታች ሆኖ ይነግረኛል፣ እኔ ከላይ እሠራለሁ። የመታጠቢያ ቤቱን መስመር ስጨርስ የመሬቱን ሽቦ ልቀጥል ስል ምጥ ያዘኝ። እሷ ናት» አለች ልጇን በአገጯ እያሳየች። «ሆዴ ትንሽ ስለነበር ነው እንጂ እኔም በዚያች በር አላልፍም ነበር፤ በስንት መከራ ወረድኩ። ጫፉን በናስትሮ የጠቀለልኩት እያማጥኩ ነው። በኋላ ይቀጠላል ተባለ። ሕፃን ባለበት ቤት በኋላ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ያኔ ቦይለር አልነበረንም፤ ሽቦው አንድ ቀን እንገዛለን ብለን ለነገ ያስቀመጥነው ነው።»

«ቦይለሩን እኮ ያመጣኸው አንተ ነህ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ።

እውነት ነው። ከሠርጉ በኋላ የገዛው የመጀመሪያ ዕቃ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳው ላይ ያገኘው ሽቦ ላይ ሰክቶት ሄደ። ምድጃውም ቦይለሩም ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን መስመር ላይ ተሰክተው ከርመው ነው ሶኬቱ የተቃጠለው። ቀቢው ብሬከሩን አውርዶ፣ ቦይለሩ ላይ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ በዚያው ጥላሸቱ ከቤት ወጣ።

መንገድ ላይ ቅናቱ አልተወውም፤ ቅርፁን ለወጠ እንጂ። እስከዚያ ድረስ የቀናው በሰውየው እጅ ነበር። አሁን እጁ የእሷ ሆነ፤ ይህ ሊያቀልለት ሲገባ ባሰበት። ሁለቱን በዓይነ ሕሊናው አየ፤ አንዷ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ቀኑን ሙሉ በዚያች ካሬ ሲነጋገሩ። እሱ ራሱ ከማን ጋር ነው የተማረው? ከጎረምሶች ጋር። በማንኪያና ሹካ ፌዝና ኒውትራል ሲያስረዳት አገጯን ደግፋ ያዳመጠችው ምን እያሰበች ነው? እየሳቀችበት ይሆን? ፊቱ በሐፍረት ጋለ። አንድ የቆመ መኪና መስታወት ውስጥ ራሱን አየ፤ ጥላሸት የተቀባ ቀቢ።

ሲመለስ ጀንበር አልጠለቀችም። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ እሱ የበጠሳቸውን ቋጠሮዎች ጭኗ ላይ ይዛ አገኛት። አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ? ወረቀትህን በር አናት ላይ ስትሰቅል? የኔን የት ልሰቅለው?» አለችው፤ ግን በቁጣ አልነበረም። «ስታስረዳኝ ደስ ይለኝ ነበር። የምትማረው ለምን እንደሆነ ይገባኝ ነበር፤ እሱን ከቤቱ ልታስወጣ ነው። ይሁን አልኩ። ኮርኒሱ ውስጥ ያለሁት ግን እኔ ነበርኩ።»

ሊጠይቃት የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ እንደሚያሳፍረው እያወቀ ጠየቃት። «እዚያ ላይ ሆነሽ… ምን ትባባሉ ነበር?»

አየችው። «የምር ማወቅ ትፈልጋለህ? ይሰድበኝ ነበር። በመጥረጊያ እንጨት ከታች ኮርኒሱን እየደበደበ ‹ወደ ግራ አንቺ ደንቆሮ! ግራሽን አታውቂም?› ይለኛል። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ አልቅሻለሁ። ሽቦውን የምጎነጉነው ለውበት መሰለህ? እሱ ጩኸቱን እስኪጨርስ እጄን ምን ላድርገው?» ቋጠሮዎቹን አንገላበጠቻቸው። «ክፉ ሰው አልነበረም። ከሥራ ውጭ ሌላ ሰው ነው። ሥራ ሲይዝ ግን እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ነው።»

ቀቢው ይህችን ቀን ስንት ዓመት ጠብቋታል! ሟቹ ቅዱስ እንዳልነበረ ከእሷው አፍ ሲሰማ ይዘላል ብሎ ነበር የሚያስበው። ደስታው መጣ፤ ግን ትንሽ ነበረች፣ ደግሞም አሳፈረችው። ከዚህች ደስታ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ተናከሰው። ለእሱ አልቅሳ ታውቃለች? አልጠየቃትም። የቅናት ሆድ እንደማይሞላ በዚያች ሰዓት ገባው።

«ያልተበላውንም ሽቦ ነው የቆራረጥኩት» አለ በመጨረሻ።

«አይቻለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለችና ሳቀች። «በል ነገ አብረን እንጀምራለን።»

ከውስጥ እማማ ያዳምጡ ኖሯል። «ልጄ አፉ አያምርም ነበር» አሉ በመስኮቱ። «ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እጁ ግን ወርቅ ነበር» አሉ። ወይ እማማ!

ሥራው ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። እሱ በየወረቀቱ ላይ እየሣለ መስመሩን ከፋፈለ፤ ለምድጃው ብቻውን፣ ለቦይለሩ ብቻውን፣ ለአምፖሎቹ ለየክፍሉ። ሽቦውን በውፍረቱም በቀለሙም መርጦ ገዛ፤ ቀይ ለፌዝ፣ ሰማያዊ ለኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴ ለመሬት። ይህን እሷ አታውቀውም ነበር፤ በእነሱ ጊዜ የተገኘው ሽቦ ነበር የሚዘረጋው። ሲነግራት እንደ ድሮው አገጯን ደግፋ አዳመጠችው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን መሃል ላይ እያቋረጠች ትጠይቀው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጥያቄዋን መመለስ አቅቶት መጽሐፉን ገለጠ። ኮርኒስ ውስጥ የምትገባው እሷ ነበረች። እሱ ከታች ሽቦ ይሰጣታል። አንድ ቀን ገመዱ ተጠላልፎ ቀኑን ሙሉ ሲያታግላቸው «ወደ ግራ እኮ ነው ያልኩሽ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተና ድምፁ ሳይወጣ ዘጋው። መሰላሉን ይዞ እስኪበርድለት ጠበቀ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች ከላይ።

«እያሰብኩ ነው።»

«አስብ እንግዲህ፤ እኔ እዚህ አቧራ እየበላሁ ነው።»

የድሮውን ሽቦ አውርደው ግቢ ውስጥ ሲከምሩት ቀቢው ጉንጉኖቹን ለብቻ አስቀመጣቸው። ሚስቱ አይታ «ምን ታደርግባቸዋለህ?» አለች፤ አንስታ ክምሩ ላይ ወረወረቻቸው። ግድግዳው ተቦርቡሮ የተደፈነበትን ቦታ እሱ አለስልሶ ቀባው፤ በዚህ ሥራ የሚያክለው የለምና ጠባሳው የት እንደነበረ እሱ ራሱ ፈልጎ አጣው።

ዋናውን ማጥፊያ ሲያነሳ ሁሉም ሳሎን ውስጥ ቆመው ነበር። ቤቱ በራ። የልጅቷ ክፍል ብቻ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ቀቢው ላቡ ጀርባው ላይ ሲወርድ እየተሰማው ማጥፊያውን ፈታ፤ አንዷን ሽቦ አጥብቆ አላሰራትም ነበር። አጠበቃት፤ በራ። ልጅቷ አጨበጨበች። እማማ ቀና ብለው አምፖሉን አዩ፤ ከንፈራቸው እንደ ልማዱ ሊንቀሳቀስ ሲል ቀቢው ጥርሱን ነከሰ።

«ምነው ይህን ያህል አበራው?» አሉ። «ዓይኔን ወጋኝ።»

ይህቺም አንድ ነገር ናት ብሎ ተቀበላት።

ልጅቷ ወሬውን ዳቦ ቤት ወስዳ ለቀቀችው። በሳምንቱ ዳቦ ጋጋሪው በራቸውን አንኳኳ፤ የመጋገሪያ ክፍሉ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ አስቸግሮታል።

«ባለሙያዋ አለች?» አለ።

ቀቢው ጆሮውን ተጠራጠረ። «ባለሙያው እኔ ነኝ» አለ።

«አይ፣ ሴትየዋን ነው። ኮርኒስ ውስጥ ሽቦ እንደ ፀጉር የምትጎነጉነዋን።»

ሄዱ፤ ሁለቱም። ዳቦ ጋጋሪው ለእሷ ወንበር አቀረበላት፤ ለእሱ መሰላሉን የሚያስደግፍበትን ግድግዳ አሳየው። ችግሩ የት እንዳለ ያገኘው እሱ ነበር፤ የላላው ሽቦ ከበሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ ነው። ጋጋሪው ግን የተጠናቀቀውን ሥራ አይቶ ለእሷ «እጅሽ ይባረክ» አላት። ቀቢው ቀኑን ሙሉ አኮረፈ፤ እሷም ለምን እንደሆነ ገብቷት ኖሮ ወደ ቤት ሲመለሱ ሳቋ መሬት ላይ እስኪያስቀምጣት ሳቀች።

«አሁን ደግሞ በእኔ ልትቀና ነው?»

«ቀንቻለሁ እንጂ ልቀና ነው ወይ!» አለ። የዕቃ ቦርሳውን ከትከሻዋ ወስዶ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገው። በሕይወት ባለ ሰው መቅናት ደህና ነገር ነው፤ አኩርፈውትም አብረው እራት ይቀመጣሉ። መንገዱን እንደጨረሱ ግን ያስጨንቀው የጀመረው ሌላ ነገር ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ጎረቤትም ቤቱን ሊያድስ ነው፤ ከሁለቱ ማንን እንደሚጠራ ገና አልታወቀም።